ፎቶ ማሳተም ወይስ ሃርድ ዲስክ?

ስልኩ ላይ አስር ሺህ ፎቶ ያለው ሰው ዛሬ ብርቅ አይደለም። በጥምቀት ሰሞን ብቻ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ስንቱ ይነሳል! ሁሉንም ላሳትም ካልክ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለህ አስላው። የአንዱ ህትመት ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። 10,000ው ሲደራረብ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ያውም አልበሙ ሳይቆጠር። ቁም ሳጥኑን ለፎቶ ለቀህ ልብስህን የት ልታደርግ ነው?

በቦታ ሃርድ ዲስክን የሚወዳደረው የለም። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን ሁሉም 40 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 1 ቴራባይቱ ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ችግሩ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ እየሠራ ከጠረጴዛ ከወደቀ ሊያልቅለት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ግዛና አንዱን ዘመድ ቤት አስቀምጥ።

ህትመት መብራት ቢጠፋም ይታያል። እማማም ፓስዎርድ ሳይጠየቁ፣ ቡናው እስኪፈላ አልበሙን ያገላብጣሉ። ግን የጎንደር ክረምት ቀላል አይደለም፤ እርጥብ ግድግዳ ስር የከረመ አልበም እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በጉልበት ስትላቅቀው የሙሽራዋ ፊት አብሮ ይላጣል። ገጹ ሙጫ ያለው የድሮ አልበም ደግሞ ራሱ ፎቶውን ያበላሻል።

እኔን ከጠየቅከኝ ሁሉም ዲስክ ላይ ይሁን፣ ምርጥ ምርጡን ብቻ አሳትም። ፎቶ ቤት ስትልክ በቴሌግራም ዝም ብለህ አትላከው፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል። በፋይል መልክ ላከው ወይም በፍላሽ ውሰድላቸው።