የብርዝ ቀለም፣ የተቆላ ቡና ሽታ፦ የሐዋሳው ብሎንድ ኤል ሲቀመስ

«ቡና ያለበት ቢራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው እንደ ጠላ የጠቆረ ነገር ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ በድራፍት የሚቀዳው ብሎንድ ኤል የሚባል፣ ቡና የገባበት ፈዛዛ ቢራ ግን ለዓይን ብርዝ ነው፤ ከብርጭቆው በስተኋላ ጣት ቢያዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አፍንጫ ሲጠጋ ነገሩ ይለወጣል። የሚሸተው ከጀበና የተቀዳ አቦል አይደለም። ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ ሳይበርድ፣ እንግዳ እንዲያሸተው ምጣዱ ሲዞር ያለው ሽታ ነው። የዚህ ቢራ ጥሩነት ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ ጣጣውም እንደዚያው፣ ያ ሽታ አይቆይምና።

በየግሮሰሪው የለመድናቸው የአገር ውስጥ ቢራዎች ላገር ናቸው፤ እርሾአቸው በ10 ዲግሪ አካባቢ ቀስ እያለ ይሠራል። የኤል እርሾ በ18 እና በ20 ዲግሪ መካከል ነው የሚሠራው፤ ሲሠራም ፍሬ ፍሬ የሚል ሽታ ይተዋል። ብሎንዱ ከኤሎች ሁሉ ገር ከሚባሉት አንዱ ነው፦ አልኮሉ ከ3.8 እስከ 5.5 በመቶ፣ ምሬቱ ከ15 እስከ 28 አይቢዩ (የቢራ ምሬት መለኪያ ነው)። የተቃጠለ ብቅል ስለሌለበት ቡናው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። መጥፎ ቡና በጥቁር ቢራ ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል፣ እዚህ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ቤቱ የታጠበ፣ ማለትም ከመድረቁ በፊት ተፈልፍሎ በውኃ የጸዳ፣ የሲዳማ ቡና መጠቀሙ ጥሩ ምርጫ ነው። የታጠበው ሎሚና አበባ አበባ ይላል፤ ያልታጠበው ወደ እንጆሪ ስለሚያደላ በቀላል ቢራ ላይ ይገንንና ወይን ጠጅ ያስመስለዋል። የመጀመሪያው ጉንጭ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ያለ የብቅል ጣዕም አለው። ቡናው የሚመጣው ምላስ መሀል ላይ ሲደርስ ነው፣ ከዋጡት በኋላም የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቀጭን ምሬት ይቀራል። ስኳር የለበትም። ትንሽ ይሳሳል፤ ብቅሉ አንድ ደረጃ ወፈር ቢል ባልከፋ።

አቀራረቡ ላይ ግን ቤቱ ራሱን ይበድላል። ድራፍቱ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ይቀዳል። ላገር በዚያ ቅዝቃዜ ይጠጣል፤ ይህ ግን ሽታው ይታፈንና ተራ ቢራ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲደርስ ቡናው ይከፈታል። በጃምቦ አትዘዙ። በሐዋሳ ሙቀት የጃምቦው መጨረሻ ለብ ይላል፣ ያን ጊዜ የሚቀረው የቡናው ኮምጣጣነት ብቻ ነው። ሲንግል ይበቃል።

አረፋው ሁለት ዓይነት ችግር አለበት። አንዱ ከብርጭቆው ነው፦ ዓሳ በሚጠበስበት ቤት ብርጭቆና የቅባት ዕቃ በአንድ ስፖንጅ ከታጠበ አረፋው ሳይቀመጥ ይሞታል። ብርጭቆውን በውኃ አርሳችሁ ገልብጡት፤ ውኃው ወጥ ሆኖ ከወረደ ንጹሕ ነው፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተጣበቀ ቅባት አለበት። ሌላው ከመቅጃው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ0.2 ባር ያህል ያንሳል። የጋዝ መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል በተዘጋጀ የጋዝ ግፊት ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው 0.2 ባር መጨመር አለበት፤ ካልጨመረ ጋዙ ከቢራው እየወጣ መስመሩ (ቢራውን ከበርሜል ወደ መቅጃው የሚያደርሰው ቱቦ) ውስጥ አረፋ ይሠራል። እዚህ ቤት ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ተቀድቶ ሲደፋ መታየቱ ከዚህ የመጣ ይመስላል። የቅቤ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ካገኛችሁ ደግሞ ቡናውን አትክሰሱ፤ ብዙ ጊዜ ያልታጠበ መስመር ነው። መስመር በየ14 ቀኑ ይታጠባል።

አሠራሩ በቤት ደረጃም የሚሞከር ነው። ለ20 ሊትር ቢራ 160 ግራም ፍሬ ቡና፣ በሊትር 8 ግራም መሆኑ ነው። ቡናው መንጣጣት ጀምሮ ጋብ እንዳለ፣ ሁለተኛው መንጣጣት ሳይመጣ ይውጣ፤ ፍሬው ላይ ዘይት መታየት የለበትም። ለጀበና የለመድነው ጠቆር ያለ አቆላል እዚህ አይሠራም፤ ዘይቱ አረፋ ይገድላል፣ ምሬቱም አመድ አመድ ይላል። ገለፈቱን አራግፋችሁ ሁለት ቀን አሳርፉት። ከዚያ ሳይፈጭ በተቀቀለ የናይሎን ከረጢት አድርጋችሁ፣ መፍላቱን ጨርሶ 4 ዲግሪ የደረሰ ቢራ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ የበርሜሉን አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጡ። ከ12ኛው ሰዓት ጀምሮ ቅመሱ፣ በ24ኛው አውጡት። «ትንሽ ይቆይ» ማለት ነው የሚያበላሸው።

ፍሬው ሳይፈጭ የሚገባው ለቀለሙ ነው። የተፈጨ ቡና ቢራውን ያጠይመዋል፣ ምላስ የሚያደርቅ ነገርም ያወጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ቡና መጨመር ይቀላል፤ ነገር ግን ውኃና አየር ይዞ ስለሚገባ ቢራውን ያቀጥነዋል፣ ቶሎም ያስረጀዋል።

የዚህ ዓይነት ቢራ የታወቀ በሽታ የቃሪያ ሽታ ነው። ቡናው በደንብ ሳይበስል ሲወጣ፣ ሲያረጅ ወይም ከልክ በላይ ሲዘፈዘፍ ጥሬ ቃሪያ የተቆረጠ ያህል ይሸታል። አዲስ በተከፈተው በርሜል ላይ አልነበረም፤ ከሳምንታት በኋላ ከዚያው ቤት የተቀዳው ላይ ግን ቃሪያው ቀድሞ ነው የመጣው፣ እርጥብ ካርቶን የሚል ሽታም ተከትሎታል። ቡናቸውን በጤና አዳም የሚጠጡ ሰዎች ይህንኑ ወደውት ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ጣዕም ነውና አንከራከርም፣ ቢራው ግን አርጅቷል።

ካፌይኑ የሚያሳስበው ካለ፣ በሊትር 8 ግራም ቡና ገብቶ ካፌይኑ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እንኳ በሩብ ሊትር ብርጭቆ 25 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል።

ከምግቡ ከአሞራ ገደል የመጣው ቆሮሶ ጥብስ ይስማማዋል፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ከቡናው ሎሚ ጋር ይገናኛል። ዳጣውን ግን ራቅ አድርጉት። ማቃጠሉና የቡናው ምሬት ሲደራረቡ ቢራው ብረት ብረት ይላል።

ከማዘዛችሁ በፊት አስተናጋጁን «በርሜሉ መቼ ተከፈተ?» በሉት። ሁለት ሳምንት ካላለፈው ለመንገዱ የሚገባ ቢራ ነው። ካለፈው ወይም መልሱ ካልታወቀ፣ እዚያው በረንዳ ላይ የሚቆላውን ቡና እስከ በረካ መጠጣት ይሻላል።