በእኔ በኩል ያለው ፍሬን፦ ግራን ቱሪስሞ 7 በአሰልጣኝ ዓይን

እኔ የምሠራበት መኪና ሁለት ፍሬን አለው። አንዱ በሰልጣኙ እግር ሥር፣ ሌላው በእኔ በኩል። «ለማጅ» የሚል ታፔላ ጣሪያው ላይ አስሬ፣ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዲስ አበባን ስዞር 17 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሥራ የሚደክመው አፍ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን የሚደክመኝ ቀኝ እግሬ ነው። ልርገጥ፣ ልተው እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ ይውላል።

እህቴ ለልጇ ያገለገለ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን) ገዝታለት ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ የጀመረ ዕለት፣ አጠገቡ ቁጭ ያልኩት ቡና እስኪፈላ ብዬ ነበር። አቦሉም ቶናውም በረካውም አለቀ፣ እኔ አልተነሳሁም። ጨዋታው ገና መኪና ሳይሰጥ «ምን ያህል ላግዝህ?» ብሎ የሚጠይቅ ገጽ አወጣ። ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ኤክስፐርት። ይሄማ የእኔ እንጀራ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ማታ ያንን ገጽ ስንከፍት ስንዘጋ ከረምን። ስለ መኪኖቹ ውበትና ስለ ስዕሉ ጥራት ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምጽፈው ስለዚያ ገጽ ነው።

ለማያውቀው ያህል፦ ፖሊፎኒ ዲጂታል የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ተከታታይ ጨዋታ ነው፤ ይሄኛው በ2022 ለፒኤስ 4 እና ለፒኤስ 5 ወጣ። ደስ ያለኝ ነገር፣ ፌራሪ አስይዞ አይጀምርም። 20,000 ክሬዲት የሚባል የጨዋታ ገንዘብ ይሰጥና ያገለገለ መኪና መሸጫ ይልካችኋል፤ እዚያ የሚጠብቋችሁም ቶዮታ አኳ፣ ሆንዳ ፊት ሃይብሪድ እና ማዝዳ ደሚዮ ናቸው። ልጁ ቅር አለው። እኔ ግን ሰፈሬ የገባሁ መሰለኝ። ከቪትዝ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፣ ጠባዩ አይጠፋኝም ብዬ አኳውን አስገዛሁት።

«ጀማሪ»ን መረጠ። እኔም ከላዩ ፍሬኑን ራሱ የሚይዘውን አብራው አልኩት፤ መጀመሪያ መንገዱን ይወቅ ብዬ። ስህተቱ የእኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ነዳጅ ብቻ እየሰጠ ተጫወተ። ኩርባ ሲቃረብ መኪናው በራሱ ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፣ ልጁ መሪውን ያዞራል፣ ይወጣል። ጨዋታው ውስጥ ያለው ካፌ «ሜኑ» እያለ የሚያዘውን ሥራ አንድ በአንድ ጨረሰ፣ ዋንጫ ሰበሰበ፣ ለእናቱ ጠርቶ አሳየ። በአራተኛው ቀን ምንም ሳልነግረው አጠፋሁበት። ጹኩባ የሚባለው የጃፓን ሜዳ ላይ ነበርን፤ ዙሩ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለልምምድ እንደሱ የሚመች የለም። የመጀመሪያው የቀኝ ኩርባ መጣ። ጣቱ ኤል 2 በሚባለው የጆይስቲኩ የፍሬን ቁልፍ ላይ ተጋድሟል። አልተጫነም። መኪናው ቀጥ ብሎ ከአስፋልቱ ወጣና ሄዶ ግድግዳ ሳመ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልያዘም!» አለኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ብቆጥር ኖሮ። ፍሬኑማ አልተነካም። እግሬን የለመደ ሰልጣኝ ሁሉ እንዲህ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከረገጥኩለት በሦስተኛው እኔን ይጠብቃል። ስለዚህ ፍርዴ አጭር ነው። ያንን ፍሬን ጨርሶ አታብሩት። መሪውንም የሚያግዘውን እንዲሁ። እጁን የማይታዘዘው ሰው ወይም ገና ትንሽ ልጅ አብሯችሁ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ ግን ግሩም ነገር ነው፤ የአምስት ዓመቷ ታናሽ እህቱ በሱ ተጫውታ ሁለተኛ ወጥታለች።

አሁን ወደ ሌላው የፍሬን እርዳታ፣ ወደ ኤቢኤስ፣ ልምጣ። ልጁ ከትምህርት ቤት «ኤቢኤስ የሕፃን ነው» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። አጥፋውና እንየው አልኩት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ ነገርኩት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ክረምት። የማሠለጥንበት መኪና ኤቢኤስ የለውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል እየወረድን ነበር፤ ዝናቡ ገና ጀምሯል፣ አስፋልቱ ላይ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ሳሙና ሆኗል። ፊት ለፊታችን ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያነሳ ቆመ። ሰልጣኟ ደንግጣ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ጎማዎቹ ቆሙ፣ መኪናው ግን አልቆመም። መሪውን ወደ ግራ ታዞራለች፣ መኪናው በቀጥታ ይንሸራተታል፤ የማይዞር ጎማ መሪ አይሰማምና። እኔ ሁለተኛ ፍሬን አለኝ አይደል? ምንም አልጠቀመኝም። የእኔ ፔዳል ከእሷ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አብሬ መርገጥ እችላለሁ፣ የእሷን እግር ማንሳት ግን አልችልም። «ልቀቂው! ልቀቂው!» እያልኩ ጮህኩ። ግማሽ እግሯን ስታላላ ጎማው ዞረ፣ መሪው ሰማ፣ ከሚኒባሱ ስፖኪዮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለፍን። ረዳቱ የሰደበንን ስድብ አልጽፈውም።

ኤቢኤስ ማለት ያቺ «ልቀቂው» ናት። ጎማው ሊቆም ሲል በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ፍሬኑን ላላ ጠበቅ ያደርጋል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመርሴዲስ ኤስ ክላስ ሠርቶ ካወጣው ጀምሮ ሥራው ያው ነው፤ እኔ በእግሬ የማልችለውን ማድረግ።

ጨዋታው ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ መደበኛ፣ ደካማ እና ጠፍቷል። አጠፋንና ያንኑ ኩርባ ሞከርን። ልጁ ኤል 2ን ጨመቀው፤ የፊት ጎማዎቹ ቆሙ፣ ጭስ ወጣ፣ መሪው ዞሮ መኪናው አልዞረም። አሁንም ግድግዳ። አሥር ጊዜ ያህል ሞክሮ ሁለቴ ተሳካለት። ችግሩ ችሎታ ብቻ አይደለም። እውነተኛ መኪና ላይ ፍሬን በእግር ይሰማል፣ ወንበሩም ይነግራል፤ በጆይስቲክ ግን ያለው የአንድ ጣት አንጓ ጉዞ ነው፤ ጎማው ሊቆም መሆኑን የምትሰሙት ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ በጆይስቲክ የምትጫወቱ ከሆነ ኤቢኤሱን መደበኛው ላይ ተዉት፣ አትፈሩ። ፎርሙላ 1 እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከልክሎታል፤ ጂቲ 3 በሚባለው የእውነተኛ መኪና ውድድር ምድብ የሚወዳደሩት ባለሙያዎች ግን እስከ ዛሬ ኤቢኤስም ትራክሽን ኮንትሮልም ይዘው ነው የሚነዱት። ይህን ስነግረው የትምህርት ቤቱ ወሬ ቆመ።

ትራክሽን ኮንትሮል የዚሁ ወንድም ነው፤ እሱ የሚያላላው ነዳጁን ነው። ጎማው በጉልበት ብዛት በባዶ ሲሽከረከር የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። ልጁ 5 ላይ ቸክሎት ነበር፤ ምክንያቱን ብጠይቀው «ትልቅ ቁጥር ስለሆነ» አለኝ። አኳው ላይ ይሄ ከንቱ ነው። 100 ፈረስ ጉልበት የማይሞላ፣ በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና ምኑ ይያዛል? 0 አድርገነው አንድም ነገር አልሆነም።

ቁም ነገሩ የመጣው ኮሮላ ሌቪን ስንገዛ ነው፤ ኤኢ 86 የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ። ኮሮላ ሲባል እኔ የማውቀው ታክሲውን ዲኤክስ ነው፤ ይሄኛው በኋላ ጎማው የሚገፋ ጮሌ ሆኖ አገኘሁት። 130 ፈረስ ጉልበት ብዙ አይደለም፤ ግን ልጁ ኩርባ መሃል ላይ የነዳጁን ቁልፍ አር 2ን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ሲሰጠው ጭራው ዞረና ወደመጣንበት ፊታችንን አዞረን። 3 አደረግነው፤ መዞሩ ቆመ፣ ግን ከኩርባ ስንወጣ መኪናው አፉን በእጅ የተያዘ ሰው ይመስል ታፍኖ ይወጣል፣ ኋላ ያሉት በጎን በጎን ያልፉናል። ወደ 1 አወረድነው። 1 ላይ ሲሳሳት ይቆጣል እንጂ አያፍንም። እዚያ ሳለን ልጁ ነዳጅን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን እንደ ቧንቧ ቀስ አድርጎ መክፈት ጀመረ። ደግሞ ይሄኛው እርዳታ ውድድሩ ሳይቋረጥ በቀስት ቁልፎቹ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዝናብ ሲመጣ 2 እና 3፣ ሲደርቅ ወደ 1። በኋላ ጎማቸው የሚነዱ ጉልበተኞች ላይ ደግሞ ከ3 ጀምሩና በሳምንት አንድ አንድ ቀንሱ።

መንገዱ ላይ የሚሰመረው መስመርስ? እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ተጣልተናል። እሱ ያለሱ መንገዱ አይታየውም፤ እኔ ደግሞ በራሱ ከሚይዘው ፍሬን ቀጥሎ የምጠላው እሱን ነው። ለሰልጣኝ ሁሉ የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር «ዓይንህን ከቦኔቱ አንሳ» ነው። እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው። መስመሩ ግን ዓይንን አምስት ሜትር ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ይቸነክረዋል። ልጁ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት እያየ ከፊቱ የቆመውን መኪና ኋላ የገጨው ለዚህ ነው፤ መስመሩ ሌላ መኪና መኖሩን አያውቅም፣ ጎናችሁ ሰው ቢኖርም ያው ቦታው ላይ ነው። በመጨረሻ ታረቅን። መስመሩን አጠፋንና ኩርባው ላይ ኮን የሚያቆመውን አበራን። ይሄን የሠራውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። እኛም ሜዳ ላይ የምናስተምረው ኮን ተክለን ነው፤ ኮን ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዓይንን ወደ ራሱ ይጠራል፣ እንዴት እንደምትደርሱ ግን ለእናንተ ይተወዋል።

መሪን በተቃራኒ የሚያዞረውን እርዳታ ሞክረን ወዲያው አጠፋነው። ጭራው ሲያመልጥ እሱ ይመልሰዋል፣ ልጁም አብሮ ይመልሰዋል፣ ሁለት ሰው አንድ መሪ። ኤኤስኤም የሚባለውን፣ መኪናው እንዳይዞር የሚይዘውን፣ ከከባድ ዝናብ በቀር አላስፈለገንም። አውቶማቲክ ወይስ ማርሽ ለሚለው ከማንዋል አሰልጣኝ የማይጠበቅ መልስ ልስጥ፦ መጀመሪያ አውቶማቲክ። ፍሪሲዮን በሌለበት ጆይስቲክ ላይ ማርሽ መቀየር ጣት ማብዛት ነው፤ ፍሬኑን ከተማሩ በኋላ ይደርሳል።

አንድ የማደንቀው ነገር አለ። እርዳታ ስላበራችሁ ጨዋታው ሽልማት አይቀንስባችሁም። ፎርዛ ሆራይዘን የሚባለው ሌላ የመኪና ጨዋታ ግን እርዳታ ባጠፋችሁ ቁጥር ክሬዲት ይጨምራል፤ የልጁ ጓደኛ ቤት ኮምፒውተር ላይ አይቼዋለሁ፣ ጓደኛው ለገንዘቡ ብሎ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አጥፍቶ ዛፍ ለዛፍ ሲላተም ነበር። የማልወደው ደግሞ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ኤክስፐርት የሚሉትን ሦስት ጥቅሎች ነው። ማንም ሰው በአንድ ቀን ከጀማሪ ወደ መካከለኛ አይዘልም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው፣ ጨዋታው እሱን አይነግራችሁም፤ ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ የለም። ደግሞም አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ኔትወርክ በሌለበት ማታ ለመጫወት አታስቡ።

የእኛ ቅደም ተከተል ይሄ ሆነ፦ የሚረግጥላችሁንና የሚያዞርላችሁን መጀመሪያ አጥፉ፤ የሚያላላላችሁን ኤቢኤስና ትራክሽን በመጨረሻ ንኩ፣ ኤቢኤሱንማ ጭራሽ ባትነኩትም ነውር የለውም። በዚህ አካሄድ ናሽናል ቢ የሚለውን የጨዋታውን መንጃ ፈቃድ፣ አሥሩንም ፈተና፣ አለፈ። የመጀመሪያው ፈተና ተነስቶ ምልክት የተደረገበት ቦታ ውስጥ መቆም ብቻ ነው፤ እኔ ሳየው የራሴን ሰልጣኞች መስሎኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደረስኩ።

ባለፈው እሁድ ቀጣዩ መንጃ ፈቃድ፣ ናሽናል ኤ ላይ ነበር። ኮን የለም፣ መስመር የለም፣ ኤቢኤስ መደበኛ፣ ትራክሽን 1። ኩርባው መጣ፣ ዘገየ መሰለኝ፣ ቀኝ እግሬ በራሱ ጊዜ ተዘርግቶ ረገጠ። የነካው ረከቦቱን ነበር። ልጁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «ጋሼ፣ ይዤዋለሁ» አለኝ፤ እህቴ ደግሞ ከጀርባችን ሲኒዎቿን መቁጠር ጀመረች።