ማይግሬን ሲነሣ የሚዋጥ ወይስ እንዳይነሣ የሚዋጥ?

ጎንደር ውስጥ ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሣ ከባድ ራስ ምታት) ያለበት ሰው መድኃኒት ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ጠንከር ያለ ማስታገሻ» ነው። ጥያቄው ከሥቃይ የመነጨ በመሆኑ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ምርጫውን በይበልጥ የሚወስነው ሕመሙ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደሚነሣ ነው።

ማስታገሻ የተነሣውን ሕመም ያበርዳል እንጂ የሚቀጥለውን አያስቀርም። ለብዙዎች 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ወይም 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ሆኖም በማይግሬን ጊዜ የጨጓራ እንቅስቃሴ ስለሚቀዛቀዝ፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ የተዋጠ ክኒን ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ገና ሲጀምር መውሰድ ይገባል። የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ግን ከአይቡፕሮፌን ይራቅ። ሱማትሪፕታን ለማይግሬን ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ የልብ ሕመም ላለበት፣ ስትሮክ ለደረሰበት ወይም የደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አይሰጥም። ሌላው የማይግሬን ማስታገሻ ኤርጎታሚንም ለእነዚህ ሰዎችና ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው፤ ከሱማትሪፕታን ጋር በአንድ ቀን መውሰድም አደገኛ ነው።

መከላከያው ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ሕመሙ በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ የሚነሣበት፣ ወይም ቀኑ ጥቂት ቢሆንም ከሥራ የሚያስቀረው ሰው ስለ መከላከያ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ፕሮፕራኖሎል የደም ግፊት፣ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የድብርት መድኃኒት በመሆናቸው፣ ወረቀቱን አንብቦ «ይህ የእኔ በሽታ አይደለም» ብሎ የሚተዋቸው ሰው አለ፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ማይግሬንን እንደሚከላከሉ በሚገባ የታወቀ ነው። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል መውሰድ የለበትም፤ የሚወስደውም በድንገት ማቋረጥ የለበትም። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል። ሌላው መከላከያ ቫልፕሮኤት ፅንስን ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት አይመረጥም። መከላከያ ሠራ አልሠራም ለማለት ሁለት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል፤ የሕመሙ ቀናት በግማሽ ከቀነሱ ውጤቱ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማስታገሻን ማብዛት ነው። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ሱማትሪፕታንን ወይም ኤርጎታሚንን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ መግዛቱ ችግሩን ያባብሰዋል፤ የሚበጀው ከሐኪም ጋር ሆኖ ማስታገሻውን መቀነስና መከላከያ መጀመር ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሌላም ነገር ማሰብ ይኖርበታል። ምግብ መዝለልና የለመዱትን ቡና ማስቀረት ማይግሬን ይቀሰቅሳሉ፤ ሕመሙ ረፋድ ላይ ሲነሣም ማስታገሻውን በጊዜው ለመዋጥ ጾሙ ያስቸግራል። ማታ ሲተኙ አንድ ጊዜ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ለዚህ ይመቻል። ጾሙን ማላላት ካስፈለገ ደግሞ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ የሚፈቅደው ስለሆነ፣ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው።

ዋጋ የሚያወዳድር ሰው የአንዱን ክኒን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወሩን ይደምር፤ መከላከያው ቢያንስ 30 ክኒን ይፈልጋል፣ ማስታገሻው ግን በወር ሁለት ቀን ለሚያምመው ሰው ጥቂት ፍሬ ይበቃዋል፤ ሕመሙ ከሥራ የማያስቀረው ከሆነም መከላከያ መግዛት አስፈላጊ አይደለም።

በድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ወይም እጅና እግርን ያሰነፈ ሕመም ግን የሁለቱም መድኃኒት ጉዳይ ስላልሆነ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።