በሜሪላንድ የወሰድኩት የአራት ሰዓት የሽጉጥ ደኅንነት ሥልጠና

ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ በሚገኝ አንድ የዒላማ ተኩስ መለማመጃ የአራት ሰዓት የሽጉጥ ደኅንነት ሥልጠና ወሰድኩ። በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ሽጉጥ መግዛት የሚፈልግ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ሞልቶት፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ፣ ይህንኑ ሥልጠና ጨርሶና ለግዛቱ ፖሊስ 50 ዶላር ከፍሎ የብቃት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። ለሥልጠናው ለብቻው 120 ዶላር ከፍያለሁ፤ ስለ መጀመሪያው ሰዓት ብቻ ብከፍለውም አይቆጨኝም ነበር።

አሠልጣኙ የሽጉጡን ካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አሁን ባዶ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከአሥራ ሁለታችን አብዛኞቻችን «አዎ» አልን። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሲስበው ግን አንዲት ብርቱካንማ የፕላስቲክ መለማመጃ ጥይት ተፈናጥራ ወጣችና ተንከባልላ እግሬ ሥር ወደቀች። ካዝናው ቢወጣም ሽጉጡ አስቀድሞ ጎርሶ ኖሯል። በልጅነቴ አባቴ ቤት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር የነበረው ምንሽር ሁልጊዜ «ባዶ ነው» ይባል ነበር፤ ከፍቶ ያሳየን ሰው ግን አልነበረም። ጥይት ባረቀበት ስለተባለ ሰው ሲወራም «ባዶ መስሎት» የምትለው ቃል አትጠፋም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ጊዜ ደጋግመን እንድናራግፍ አደረገን፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ካዝናውን ማውጣት፣ ብረቱን ስቦ የጎረሰውን ማስወጣት፣ በመጨረሻም ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሳበና የለቀቀ ሰው፣ አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን መልሶ እንደሚያጎርስ በተግባር አሳየን። እኔ ሳላውቀው ጣቴ በየጊዜው ቃታው ላይ ያርፍ ስለነበር፣ አሠልጣኙ አራት ጊዜ መጥቶ ሳይቆጣ ጣቴን አንሥቶ በሽጉጡ ጎን ላይ አጋደመልኝ።

ስለ አቀማመጥ የተሰጠው ትምህርትም ጥሩ ነበር። ጥይት ያለበትን መሣሪያ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው በግዛቱ ሕግ ያስጠይቃል፤ የዕድሜው ገደብ 16 የነበረው እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 18 ከፍ ብሏል። ብዙዎቻችን ቁም ሣጥን አናት ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥን እንደ ጥንቃቄ እንቆጥረዋለን፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን ወንበር ስባ እዚያው ቦታ ላይ ያለውን ከረሜላ ካወረደች ቆይታለች።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። ይህ የብቃት ፈቃድ ሽጉጥ ለመግዛት ብቻ እንጂ ታጥቆ ለመውጣት እንደማያገለግል፣ ለዚያ 16 ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ እሱም ቢሆን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተቀባይነት እንደሌለው የተነገረን በአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ዲሲ ገብቷል፤ ታክሲ የሚነዱና ሱቅ የሚሠሩ ወገኖቻችን በቀን ብዙ ጊዜ የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ተኩሱም አነሰኝ። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስን ነው፤ እኛም ረጅም ወረፋ ጠብቀን አምስት አምስት ተኩሰን ወጣን።

ትምህርቱም ሆነ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ይኼ ቼምበር የሚለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጥይቱ የሚጎርስበት ነው» ስላቸው «እንደሱ አትለኝም ታዲያ!» አሉና ከዚያ በኋላ ሽጉጡን ከእኔ ይልቅ በተስተካከለ ሁኔታ አራገፉ። ሥልጠናው በአማርኛ ቢሰጥ ከልብ ደስ ይለኛል። እስከዚያው እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው የሚተረጉምለት ሰው ይዞ ቢሄድ፣ መሣሪያው የሚቀመጠው በጋራ ቤታቸው ስለሆነ ባልና ሚስትም አብረው ቢማሩ እመክራለሁ።

የብቃት ፈቃድ ማመልከቻዬን ፖሊስ ለማየት እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ሽጉጡን ለመግዛት ካመለከትኩ በኋላም ሰባት ቀን እጠብቃለሁ። በቁልፍ የሚዘጋውን የብረት ሣጥን ግን ገዝቼ፣ ከቁም ሣጥኑ ወለል ጋር በብሎን አስሬዋለሁ።