ማዳመጥ ይሻላል ወይስ መጣራት?

ሐረር፣ በርጫ ላይ የተነሳ ክርክር ነው፦ ከምድር ውጭ አእምሮ ያለው ፍጡር ካለ ዝም ብለን እናዳምጥ ወይስ «እዚህ ነን» እንበል?

ማዳመጡ ቀደም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍራንክ ድሬክ አሜሪካ ውስጥ ግሪን ባንክ ባለው 26 ሜትር የራዲዮ ቴሌስኮፕ ታው ሴቲንና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒን፣ ሁለት ቅርብ ኮከቦችን፣ አዳመጠ። የመረጠው ሞገድ 1420 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ሃይድሮጅን በተፈጥሮው የሚለቀው ስለሆነ፣ ሰማይን የሚያጠና ሁሉ ያውቀዋል ብሎ። ምንም አልተገኘም። በ1977 ኦሃዮ ላይ 72 ሰከንድ የቆየ ኃይለኛ ምልክት ተመዘገበ፤ ደግሞ ግን አልተሰማም። አንዴ ብቻ የተሰማ ነገር ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ማዳመጥ አደጋ የለውም፣ ቴሌስኮፑም ለሌላ ጥናት ይሆናል።

መጣራቱስ? በ1974 ፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ 1679 ቢት (የ0 እና የ1 ምልክት) ብቻ ያለው መልእክት ኤም 13 ወደተባለው የኮከቦች ክምችት ተላከ። ርቀቱ 25 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ብንጠብቅ 50 ሺህ ዓመት መሆኑ ነው! እንግዲህ ይህ ከሙከራ ይልቅ ለታይታ ያደላል።

«ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቡን በስሙ የሚጠራው ሰው እኮ ማን እንደሚመጣ ያውቃል፤ እነዚህ ማንን ነው የሚጠሩት?» አለ አንዱ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ሌላው «አቦ፣ የቴሌቪዥንና የራዳር ሞገዳችን ድሮም እየወጣ አይደል?» ሲል ተከራከረ። እውነት ነው፣ ይወጣል። ግን የቴሌቪዥኑ ሞገድ እየተበተነ ስለሚደክም፣ ሆን ተብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚወረወር ጨረር ጋር አይወዳደርም።