የታጠፈ የፊት ሹካን በአዲስ መተካት፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

በአሮጌው የመንገድ ብስክሌቴ ላይ የታጠፈውን የፊት ሹካ፣ መካኒኮች ፎርኬላ የሚሉትን፣ በአዲስ የክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት) ብረት ሹካ ከተካሁት 11 ወር ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በግምት 3,200 ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ። አዲሱ ሹካ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቁልቁለት ላይም ሆነ በተበላሸ መንገድ ላይ እተማመንበታለሁ። ጊዜዬን የወሰደውና ሁለት ጊዜ ዕቃ ያስመለሰኝ የብረቱ ጥራት ሳይሆን ልኩ ነበር። እኔ መጀመሪያ ላይ የጎማው መጠን ከገጠመ ሌላው ይገጥማል ብዬ አስቤ ነበር፤ በአሮጌ ብስክሌት ላይ ግን የጎማው መጠን ከሚለኩት ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው።

ሹካው የታጠፈው በዝግታ ስነዳ የፊት ጎማው ክዳን በሌለው የውሃ መውረጃ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን ሲመታ ነበር። እኔ አልተጎዳሁም፤ ቸርኬውም ጥቂት ከመወላገዱ በቀር ደህና ስለነበረ ሁለት ቀን ምንም እንዳልደረሰበት ቆጥሬ ነዳሁት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። በሦስተኛው ቀን ስታጠፍ የጫማዬ ጫፍ የፊት ጎማውን ነካው፤ ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም። በዝግታ ስሄድ ደግሞ መሪው ከበደኝ፤ ትንሽ ባዘነብለው ወደዚያው ጎን መውደቅ ይፈልጋል። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ከጎን ስመለከተው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በደህና ሹካ ላይ የእግሮቹ የላይኛው ክፍል የቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) የፊት ቱቦ መስመር ተከትሎ ይወርድና ወደ ጫፉ ሲቃረብ ነው ወደ ፊት የሚጎብጠው። የእኔ ግን ከትከሻው፣ ሁለቱ እግሮች ከላይ ከሚገናኙበት ቦታ፣ ሥር ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አደረግሁ፤ ለማንም የምመክረውም ነው። ጎማው በሁለቱ እግሮች መካከል ወደ ግራ አዘንብሎ ስላየሁ ፈትቼ ግራና ቀኙን አቀያይሬ መለስኩት። ጎማው ተገልብጦ ሳለ ማዘንበሉም ወደ ሌላው ጎን ቢዞር ጥፋቱ የቸርኬው ይሆን ነበር። አሁንም ወደዚያው ወደ ግራ ስላዘነበለ አንደኛው የሹካ እግር ከሌላው ይበልጥ መታጠፉን አወቅሁ።

አዲስ ሹካ ከመግዛቴ በፊት ቴላዮውን በጥንቃቄ መረመርኩ። ሹካን ያጠፈ ግጭት ብዙ ጊዜ ኃይሉን ወደ ቴላዮው ስለሚያስተላልፍ፣ ከፊት ቱቦው ጀርባ ባሉት ሁለት ቱቦዎች ሆድ ላይ፣ በተለይ ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ሥር፣ የተጨማደደ ብረት ወይም የተሰነጠቀ ቀለም መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ዓይን የሚያልፈውን ጣት ያገኘዋል፤ ቱቦውን ጠርጌ በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ዳሰስኩት። እብጠትም ሽብሽብም አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ ሹካ መግዛቱ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

አሮጌውን ሹካ በኃይል አቅንቶ መልሶ መግጠም እንደሚቻል የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። ብረት መታጠፍንም መቃናትንም እንደሚችል እውነት ነው፤ በግጭቱ ጊዜ ሳይሰበር መታጠፉም ከከፋ ጉዳት አድኖኝ ይሆናል። ሆኖም አንድ ጊዜ በግጭት የታጠፈ ቦታ ሲቃና ሁለተኛ ይደክማል፤ ያም ቦታ አንገቱ፣ ወደ ቴላዮው የሚገባው የሹካው ቱቦ፣ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ከሆነ፣ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አሽከርካሪውን በፊቱ ይጥለዋል። ውሳኔዬ ትክክል መሆኑን ያረጋገጥኩት ቆይቼ ነው። አሮጌውን ሹካ ቀለሙን ፍቄ ትከሻውን ሳየው በግራ እግሩ ሥር የፀጉር ውፍረት ያለው ስንጥቅ ነበረበት። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው ያን ቀን በሰጌቶ ለሁለት ቆረጥኩት።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። ብስክሌቴ በቴላዮው የፊት ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ የወጣለት፣ የአንድ ኢንች አንገት ያለው ሹካ ነው የሚቀበለው፤ ይኸውም በውጪ 25.4 ሚሊሜትር፣ በውስጥ 22.2 ሚሊሜትር ነው። በዘመናዊ ብስክሌቶች ላይ የተለመደው 28.6 ሚሊሜትር አንገት በጭራሽ አይገባበትም። የፈረንሳይ አሮጌ ብስክሌቶች 25 ሚሊሜትር አንገትና የተለየ ጥርስ ስላላቸው፣ «አንድ ኢንች ነው» በሚል ቃል ብቻ ሳይተማመኑ በካሊፐር መለካት ግድ ነው።

የአንገቱ ርዝመት ከዲያሜትሩ የበለጠ አስቸገረኝ። የቴላዮዬ የፊት ቱቦ 140 ሚሊሜትር ነው፤ የመሪ ኩሽኔታዎቹ ላይና ታች ተደምረው 36 ሚሊሜትር ይወስዳሉ። አንገቱ ከድምሩ አንድ ሚሊሜትር ያህል ማጠር አለበት፤ ካልሆነ ቆላፊው ዳዶ ከሥሩ ያለውን ሮንዴላ ከመጫኑ በፊት የቱቦው ጫፍ ያስቆመዋል። ስለዚህ የምፈልገው 175 ሚሊሜትር ነበር። መጀመሪያ ያመጣሁት ሹካ 160 ብቻ ሆነ፤ አጭርን ማስረዘም ስለማይቻል መለስኩት። ሁለተኛው 225 ሚሊሜትር ነበርና ቆርጬ እጠቀምበታለሁ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ጥርሱ ወደ ታች እጅግ ረጅም ስለሆነ ከተቆረጠም በኋላ 70 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ ይቀረው ነበር። ይህ ለምን እንደሚያሰጋ ማብራራት ይገባኛል። የመሪው ግንድ ወደ አንገቱ ውስጥ ገብቶ በሽብልቅ ይጠበቃል፤ ሽብልቁ ጥርስ በወጣበት፣ ማለትም ብረቱ በሳሳበት ክፍል ላይ ከተወጠረ ቱቦው በዚያ ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሽብልቁ ሁልጊዜ ከጥርሱ በታች መውረድ አለበት። ሁለተኛውንም የመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው፣ አሁን የምነዳበት፣ ርዝመቱ 195፣ ጥርሱ 55 ሚሊሜትር ነበር፤ 20 ሚሊሜትር ስቆርጥለት 35 ሚሊሜትር ጥርስ ቀረው፤ ልክ የሚበቃው ነው። ከመቁረጤ በፊት ዳዶ አስገብቼበት ስለነበር፣ ጫፉን በሞረድ ካለሰለስኩ በኋላ ዳዶውን መልሼ ሳወጣው የተበላሸውን ጥርስ አስተካከለው።

ልኩ የተገኘለት ሹካ ቢሆንም ከታች ሌላ ችግር ጠበቀኝ። በትከሻው ላይ ተመትቶ የሚገባው የኩሽኔታ ቀለበት በአሮጌው ሹካ ላይ በመዶሻ ካልሆነ የማይወጣ ነበር፤ በአዲሱ ላይ ግን በእጄ ገብቶ በእጄ ወጣ። ስለካው የቀለበቱ ውስጥ 27.0 ሚሊሜትር፣ የአዲሱ ሹካ መቀመጫ 26.4 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው የጃፓን ደረጃ ሲሆን ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ. ደረጃ ነው። በመካከሉ ቀጭን ቆርቆሮ ጠቅልዬ እንድሞላው ምክር ተሰጠኝ፤ አልተቀበልኩትም። ቀለበቱ በአንገቱ ዙሪያ ሳይዘነብል እኩል ካልተቀመጠ የኩሽኔታው ብዮች በአንድ በኩል ብቻ ይጫናሉ፤ ቆርቆሮው ሲላላ ደግሞ መሪው በየቀኑ ይለቃል። ሙሉውን የኩሽኔታ ስብስብ መለወጥም መፍትሔ አልነበረም፤ በቴላዮው ቱቦ ውስጥ የሚገቡት የአይ.ኤስ.ኦ. የኩሽኔታ ኩባያዎች 30.2 ሚሊሜትር ሲሆኑ የቴላዮዬ ቱቦ የተቦረቦረው ለ30.0 ነው፤ በግድ ቢመቱ ቱቦውን ይወጥሩታል። የኩሽኔታው አምራች ያንኑ ኩባያ ለሁለቱም ደረጃዎች ስለሚሠራ 26.4 የሆነውን ቀለበት ብቻ ለይቼ ፈለግሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በአጠቃላይ ሥራው ውስጥ ከሁሉ የረካሁበት ውሳኔ ይህ ነው፤ ከ11 ወር በኋላ ቀለበቱ አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

የአነዳዱን ጠባይ የሚወስነው ግን አክስሉ ከአንገቱ መስመር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚርቅ ነው። ተመሳሳይ ብስክሌት ያለው ወዳጄ ያልተጎዳ ሹካው ላይ እንድለካ ፈቅዶልኝ 50 ሚሊሜትር አገኘሁ፤ የእኔ የታጠፈው 25 ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አዲሱ 45 ነው። የአንገቱ መስመር መሬት የሚነካበት ነጥብ ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ነጥብ ይቀድማል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲበዛ መሪው ይከብዳል፣ ሲያንስ ይቀላል። በቴላዮዬ 73 ዲግሪ ማዕዘንና በ340 ሚሊሜትር የጎማ ራዲየስ ሳሰላው ይህ ርቀት በመጀመሪያው ሹካ 52፣ በታጠፈው 78፣ በአዲሱ 57 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከግጭቱ በኋላ መሪው ለምን እንደከበደኝ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የአሁኑ ከመጀመሪያው በ5 ሚሊሜትር መብለጡ በጠባብ መታጠፊያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሰማኝ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ግን ብስክሌቱ ከድሮው ይልቅ ረጋ ይላል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ትንንሾቹ ነገሮች በቀላሉ አለፉ። የአሮጌው ሞዞዬ (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ስፋት 96 ሚሊሜትር፣ የአዲሱ ሹካ ክፍተት 100 ስለሆነ በግራና በቀኝ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሮንዴላዎች ጨመርኩ፤ ያለ እነሱ ዳዶው ሲጠበቅ የሹካው እግሮች ወደ ውስጥ ይጎተቱ ነበር። የፍሬኑ ቀዳዳ በኋላ በኩል ወደ 8 ሚሊሜትር የሰፋ ስለነበረ ለአሮጌው 6 ሚሊሜትር ቡሎን ባለ ደረጃ ሮንዴላ አስገባሁለት። የፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ማሰሪያ ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ በዝናብ ወቅት በቀበቶ አስሬ ነው የምጠቀመው።

በአገልግሎቱ ዘመን የታዘብኩትን ልጨምር። መጀመሪያ ከተገጠመ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ኩሽኔታው ላላ፤ የፊት ፍሬን ይዤ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳንገጫግጨው ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። በ32 ሚሊሜትር ቺያቤ አስተካክዬ ቆለፍኩት። በሦስተኛው ወር እንደገና ጥቂት አጠበቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። በስድስተኛው ወር ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ግራሶውን ስለውጥ ብዮቹም መቀመጫዎቻቸውም ንጹሕ ነበሩ። በአንገቱ ቱቦ ውስጥ ግን ከታች በኩል የገባ ውሃ ትንሽ ዝገት ጀምሮ ነበር፤ ጠርጌ በቀጭኑ ግራሶ ቀባሁት፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ቀለሙ በአክስል መቀመጫው ዙሪያ ተልጧል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ክብደቱ 870 ግራም ሲሆን ከአሮጌው በ130 ግራም ይበልጣል፤ ስነዳ ለይቼ አላውቀውም።

ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ይቀራል። ከስምንተኛው ወር ጀምሮ በፍጥነት እየወረድኩ የፊት ፍሬን አጥብቄ ስይዝ ሹካው ለአፍታ ይንቀጠቀጣል። ኩሽኔታው አለመላላቱን አረጋግጫለሁ፤ ትከሻውን በብርሃን መርምሬ ስንጥቅ አላገኘሁም። የፍሬን ጎማዎቹ የፊት ጫፋቸው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ሳስተካክላቸው መንቀጥቀጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በግጭቱ ቀን የተወላገደውና ራጆቹን (ሽቦዎቹን) በማጥበቅና በማላላት ያቃናሁት ቸርኬ በአንድ ቦታ ላይ ትንሽ ስፋት ስላለው፣ አሁን የምጠረጥረው እሱን ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የፊት ጎማ ተውሼ በዚያው ቁልቁለት ላይ እሞክረዋለሁ።