በግሩፕ መሥራት ያስተማሩን የፕሪንት ቤቷ እትዬ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ በር አካባቢ ትንሽ ፕሪንት ቤት ያላቸውን አንዲት እናት ለማመስገን ነው የምጽፈው። ተማሪው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ፕሪንት ያደርጋሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ ይጠርዛሉ። ሥራቸው ንጹሕ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው በግሩፕ መሥራት ስላስተማሩኝ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለአምስት የግሩፕ አሳይመንት ተሰጠን። የዚያኑ ቀን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ ርዕሱን ለአምስት ተከፋፈልን፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም። ነገ ጠዋት ልናስረክብ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ሆነን ፍላሽ ይዘን እትዬ ጋ ሄድን። ፋይሉ ያሳፍር ነበር። የእያንዳንዱ ክፍል ፎንት ለየብቻ ነው። መግቢያው ያለውን መደምደሚያው ያፈርሰዋል። አንዷ ከኢንተርኔት የገለበጠችውን ከነሰማያዊ ሊንኩ ነው የላከችው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ አልላከም።

እትዬ አልተቆጡም። የፊት ገጹ ላይ ያሉትን አምስት ስሞች በእርሳስ እየነኩ፣ «ይሄ የቱን ሠራ? ይቺስ?» አሉን። ሁለት ስም ላይ ሲደርሱ መልስ አጣን።

«ልጆቼ፣ ዛሬ አትምላችኋለሁ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ግን ማን ምን እንደሠራ ጽፋችሁ ኑ። አምስታችሁም ከዳር እስከ ዳር ሳታነቡት ደግሞ እንዳታመጡብኝ።»

ያን ማታ እስከ አራት ሰዓት ከእኛ ጋር አመሹ። ፎንቱን አንድ አደረጉልን፣ የገጽ ቁጥር አስገቡልን። ያስከፈሉን የፕሪንቱን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሥራ እንዳሉን አደረግን። ከአምስታችን አንዷን ክፍሎቹን አንድ ወጥ ጽሑፍ አድርጋ እንድትሰፋ መረጥናት። የእሷ ድርሻ ከሌሎቻችን አነሰ፣ ምክንያቱም መስፋት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የራሳችንን ቀነ ገደብ ከመምህሩ በሁለት ቀን አስቀደምነው። ከሁሉ የጠቀመን ግን አምስታችን ተቀምጠን ጽሑፉን ጮክ ብለን ማንበባችን ነው። የሚጣረሰው ነገር ያኔ ነው ጆሮ ላይ የሚመጣው።

ያ ምንም ያልላከው ልጅ ነገርም ያኔ ነው የወጣው። ሰነፍ ብለን ጨርሰን ነበር። ለካ ላፕቶፕ የለውም። በስልኩ መጻፍ ጀምሮ አቅቶት፣ መናገሩን አፍሮ ነው የተወው። ማናችንም «ምን ሆንክ?» አላልነውም። እትዬ ሲሰሙ «ከሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ ነው፣ መጥቶ ይጻፍ» አሉ። በኋላ ከመካከላችን በጣም ጥሩውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው። ስለዚህ ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቆይቼ አንድ ነገር አነበብኩ። ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሰው ሲበዛ የእያንዳንዱ ጉተታ ይቀንሳል። ስምንት ሲሆኑ አንዱ ለብቻው ከሚስበው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚስበው። አንዱ ምክንያት ጉተታው እኩል አለመግጠሙ ነው። ሌላው ልግመት ነው፤ «ሌላው ይስበዋል» ማለት። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በጩኸትና በጭብጨባ ሞክረውት ያው ሆነ። ቀጥሎ በተሠራ ሙከራ ግን የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገራቸው ልግመቱ ጠፋ። ይህን ሳነብ የእትዬ እርሳስ ትዝ አለኝ። ደቦ ላይስ ማን ይለግማል? እያንዳንዱ የሚያጭደው ለሁሉም ይታያል።

ሐዋሳ ላላችሁ ተማሪዎች፣ በተለይ ዘንድሮ ለገባችሁ፣ እትዬ ጋ ሂዱ። ማስረከቢያ ሲደርስ ሰልፍ አለ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ፣ ቢቻል ከሰዓት ሂዱ። ሽፋኑ ላይ የስም ስህተት ካዩ ሳያስተካክሉ አያትሙም፣ ታገሷቸው። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ።

እትዬ፣ ያ ልጅም ተመርቋል። ሰላም በሉልኝ ብሏል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።